መነጽር ያደረግሁበት ዓመት

ሥራ ከለቀቅሁ ገና ብዙ አልቆየሁም፤ እጄ አሁንም ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ባለቤቴ አልማዝ በሳሙናም በሎሚም አሽታ አልለቅ ሲላት፣ "ይሄ ከአንተ ጋር ነው የሚቀበረው" ብላ ተወችው። ሰው ከሥራ ሲገለል ያርፋል ይባላል። እኔ ምኔ እንዳረፈ አላውቅም። ወገቤ ጠዋት ጠዋት ይንቋቋል፣ ጉልበቴ ደመና ባየ ቁጥር ይጠዘጥዘኛል፣ እንቅልፌ ደግሞ ዶሮ ሳይጮህ ጥሎኝ ይሄዳል። ተነሥቼ እለብስና እቀመጣለሁ፤ የምሄድበት ግን የለኝም።

የመንግሥት ሠራተኛ ስላልነበርኩ ጡረታ የምለው ለአፍ ያህል ነው። አሠሪዬ ሐጂ ኑር የቆዳ መጋዘኑን ለልጃቸው አስረከቡ፤ ልጁም "ጋሼ ታደሰ፣ አሁንስ ይረፉ" ብሎ ጋቢ አልብሶ ሸኘኝ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ሲያሰናብተኝም በአክብሮት ነው። ነገሌ ውስጥ ምን ስሠራ እንደኖርኩ የማያውቅ የለም። አልፎ አልፎ አዲስ የተመደበ አስተማሪ ጠይቆኝ "ቆዳ መራጭ ነበርኩ" ስለው ግን፣ "እሱ ደግሞ ምን ዓይነት ሥራ ነው?" ይለኛል። እንግዲህ ልንገራችሁ።

ቆዳ መራጭ ማለት ሻጩ የከብት ቆዳ ወይም የበግና የፍየል ሌጦ ሲያመጣ፣ አገላብጦ አይቶ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ውዳቂ የሚል ሰው ነው። በቃ ይኸው ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው። ሻጩ ግን ያንን ቆዳ ተሸክሞ ስንት አገር አቋርጦ መጥቶ አፍ አፍህን ነው የሚያየው። "ሁለተኛ" ስትለው ፊቱ ይለወጣል፣ "ሦስተኛ" ስትለው እናትህን በልቡ ይሰድባል። እኔ በዚህ አገር ስንት ጊዜ በልብ እንደተሰደብኩ እግዜር ነው የሚያውቀው።

የጀመርኩት ያቤሎ ነው፣ ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ አንድ የግሪክ ነጋዴ ዘንድ በተሸካሚነት። ሰውየው መጮህ ይወድ ነበር። ሲገዛ ይጮሃል፣ ሲሸጥ ይጮሃል፣ ደስ ሲለውም ይጮሃል። ከእሱ ተገላገልኩ ብዬ ፊልቱ ስሄድ ደግሞ ጭራሽ የማይናገር አለቃ ገጠመኝ፤ በአገጩ ነበር የሚያዝዘኝ። የፊልቱ ፀሐይ ቆዳውን እንደ ቆርቆሮ ያደርቀዋል፣ ስታጥፈው ይሰነጠቃል። ቦሬም ሠርቻለሁ። ቦሬ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ደጋ ነው፣ ዝናቡ አያባራም፣ ቆዳው እንደተወጠረ ይሻግታል። አንድ ክረምት እዚያ ከርሜ ሳል ይዞኝ ወደ ነገሌ ወረድኩ። ደሞዙ የትም ያው ስለሆነ ስለ እሱ አላወራም።

ነገሌ የገባሁት ሐጂ ኑር ቤት ነው፣ እዚያም በተሸካሚነት። ሐጂ ሁለቱንም ቋንቋ እኩል የሚናገሩ፣ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ የሚጨርሱ ነጋዴ ናቸው። ያኔ መራጫቸው ባሻ ኃይሌ የሚባሉ፣ ድሮ ወታደር የነበሩ፣ ቀጭንና ረጅም ሰው ነበሩ። ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ባሻ ቆዳ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ እጃቸውን ግድግዳው ላይ ያብሳሉ፤ ኖራው ላቡን እንዲጠጣው ነው። ከዚያ በመዳፋቸው ሳይሆን በጣቶቻቸው ጀርባ ከአንገት ወደ ጭራ ይዳስሳሉ። "መዳፍ ሥራ አደንድኖታል፣ አይሰማም" ይሉ ነበር። ቀጥሎ የሥጋውን ጎን ገልብጠው ወደ በሩ ብርሃን ያነሡታል፤ የመዥገር ቀዳዳ ካለ ብርሃኑ ሾልኮ ይታያል። ጠርዙን በጥፍራቸው መታ መታ ያደርጋሉ፤ የደረቀው ይንኳኳል፣ ውስጡን እርጥበት የያዘው ድምፁ ይታፈናል። በመጨረሻ ያሸታሉ። ይሄን ሁሉ ሲያደርጉ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም፣ ሻጩ እንዳይከራከር።

ይሄ ሁሉ ግን ለእሳቸው ሁለተኛ ሥራ ነበር። የመጀመሪያው ወሬ ነው። ቦረናም ይሁን ጉጂ፣ ሱማሌም ይሁን፣ ሰውየው ሸክሙን ሳያወርድ ባሻ ሰላምታውን ይጀምራሉ። "አካም? ናጋ? ሎን ናጋ?" ይላሉ፤ ከብቱ ሰላም ነው ወይ ማለት ነው። ዝናቡን ይጠይቃሉ፣ ጉድጓዱን ውሃ ያዘ ወይ ይላሉ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አማቱ ሳይቀር ይጠይቃሉ። ሰልፉ ይረዝማል፣ እኔ እቁነጠነጣለሁ። ሁሉም ካለቀ በኋላ የታጠፈውን ቆዳ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ "ይቺስ ምን ሆና ነው?" ይላሉ።

አንዱ "ለሠርግ አረድናት" ይላል። ሌላው "ገደል ገብታ" ይላል፣ "ድርቁ ጨረሳት" የሚልም አለ። አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔንጃ ባሻ፣ ደህና ስትግጥ ውላ ማታ ወደቀች" ይላል። ያኔ ባሻ ቆዳውን በእጃቸው አይነኩትም። በእንጨት አንሥተው ከመጋዘኑ ጀርባ ወደ ቆፈሩት ጉድጓድ ይወስዱና ኖራ ነስንሰው ይቀብሩታል። ይሄ አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ ነው። የሰባውን፣ ያማረውን ከብት በድንገት ይጥላል፤ ከቆዳው ደግሞ ወደ ሰው ይጋባል። ባሻ ታዲያ ሻጩን ባዶ እጁን አይሰዱትም፣ የሦስተኛ ዋጋ ከፍለው ነው የሚሸኙት።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ "ባሻ፣ የሚቀበር ቆዳ ደግሞ ይገዛል እንዴ?" አልኳቸው።

"ካልገዛሁት ነገ አይነግረኝም" አሉ። "ካልነገረኝ ደግሞ ተሸካሚው አንተ ነህ።"

ሐጂ ኑርም ይሄን ያውቁ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ሲናገሯቸው አልሰማሁም።

ባሻ ሲሞቱ መራጭነቱ ለእኔ ሆነ። ተሸካሚውና አጣፊው ደግሞ ጉዮ ሆነ። ጉዮ የአገሩ ልጅ ነው፣ ቦረና፣ ከእኔ ጋር እኩያ። እኔ የለየሁትን ቆዳ አንገቱ ላይ ጥሎ ወደ ክምሩ ይወስዳል፣ ጠጉሩን ወደ ውስጥ አድርጎ ያጥፋል፣ በገመድ ይጠፍራል። የእሱን እስር አዲስ አበባ ያሉት ገዢዎች ከሩቅ ይለዩታል፤ ጠርዙ ልክክ ያለ ነው። ሲሠራ ያንጎራጉራል፣ ካላንጎራጎረ ይቀልዳል። ሲያጣ እኔን ያበሽቃል። አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀልን ስንጨቃጨቅ እንውላለን፣ ማታ አንድ ላይ ወደ ቤት እንሄዳለን። ከወንድሜ ይልቅ ከጉዮ ጋር ኖሬአለሁ ብል ውሸት አይሆንም።

ዓይኔ መቼ መድከም እንደጀመረ አላውቅም። ቆዳውን ራቅ እያደረግሁ ማየት አመጣሁ፤ ራቅ፣ ራቅ፣ እስከ ክንዴ ጫፍ። ጉዮ አይቶኝ "ታዴ፣ ቆዳው ነው የሸሸህ ወይስ አንተ ነህ የሸሸኸው?" ይለኛል። ሩቁም ደህና አልነበረም፤ ከመንገዱ ማዶ ሰላም የሚለኝን ሰው በድምፁ ነበር የምለየው። በመጨረሻ የቢላ ብጥ ያለበትን ቆዳ አንደኛ ብዬ አሳልፌ ከአዲስ አበባ ስሞታ መጣ። ሐጂ አልተቆጡም። "ሂድና ዓይንህን ለሐኪም አሳይ፣ ወጪው በእኔ ነው" ብለው ቆዳ በጫነው መኪና ላይ አሳፈሩኝ።

አዲስ አበባ ሐኪሙ ፊደል ደርድሮ፣ መስታወት እየለዋወጠ "ይሄ ይሻላል? ወይስ ይሄ?" ሲለኝ ዋለ። በመጨረሻ ታክቶኝ ሁሉም ጥሩ ነው አልኩት። የሰጠኝ ጥቁር፣ ወፍራም መነጽር ነው። አንዱ መስታወት ሁለት ነበር፤ ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለቅርብ። "ደረጃ ስትወርድ ዓይንህን ብቻ አትጣል፣ አንገትህንም ደፋ አድርግ" አለኝ። ምክሩን ከደጁ ሳልወጣ ረሳሁት። በታችኛው መስታወት ሳየው መሬቱ አብጦ ወደ እኔ መጣ፣ ደረጃው የት እንዳለቀ ጠፋኝ፣ እግሬን እንደ ዶሮ እያነሣሁ ስራመድ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ባዶ አየር ረግጬ በግንባሬ ወደቅሁ። መነጽሩ ተረፈ፣ ግንባሬ ተላጠ።

ስመለስ መኪናው ላይ ሆኜ ግራሩን ባየሁት ጊዜ ግን እውነቴን ነው ዕንባዬ መጣ። ቅጠል አለው! ለካ ስንት ዓመት ግራር ማለት ለእኔ አረንጓዴ ጭስ ነበር። ቤቴ ስደርስ አልማዝን አየኋትና ሳላስበው "አንቺ፣ መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?" አልኳት።

"አንተ ሳታይ" አለችኝ። ለጥቂት ቀን ሻይ እንኳ ስታቀርብልኝ ኩርፍ ብላ ነው።

መነጽር መልመድ እንዲህ የሚያደክም ነገር መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር። አፍንጫዬ ግራና ቀኝ ቆሰለ። ከጆሮዬ ጀርባ ይበላኛል። ራሴን ያመኛል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያጥወለውለኛል። ላቡ ያንሸራትተዋል፣ አቧራው ይሸፍነዋል፣ በሸሚዜ ስጠርገው ይብስበታል። ሻይ ቤት ብርጭቆው ሁሉ ቆሻሻ ሆኖ ታየኝና ሻይ አስጠላኝ። ሰው ደግሞ አያሳልፍም፤ "አራት ዓይናው መጣ" ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን መስቀል ልሳለም ስጎነበስ ቄሱ እጅ ላይ ወደቀብኝ።

ሥራው ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ቆዳ ሁሉ በሽተኛ ሆነብኝ። እሾህ የጫረውን፣ አለንጋ ያረፈበትን፣ መዥገር የነከሰውን ሁሉ ስላየሁ፣ ድሮ አንደኛ የምለውን ሁለተኛ፣ ሁለተኛውን ሦስተኛ እያልኩ ጣልኩት። ጂሎ የሚባል የቆየ ደንበኛችን፣ ሽማግሌ ቦረና፣ "ላሜ ስትታረድ ደህና ነበረች፣ አንተ ጋ ስትደርስ ነው የተበሳሳችው" ብሎ ሳቀብኝ። ሌሎቹ አልሳቁም፣ ቆዳቸውን ተሸክመው ሄዱ። ሐጂ ጠርተውኝ፣ "ታደሰ፣ መነጽሩን የገዛሁልህ ቆዳ እንድትመርጥበት ነው እንጂ ከሰው እንድትጣላበት አይደለም" አሉኝ። ቀስ እያልኩ ረጋሁ። ጭረትና ጉዳት ለየሁ።

ከዚያ በኋላ ግን ፈጠንኩ። አንድ ጊዜ ገልበጥ፣ አንድ ጊዜ ቀና፣ አለቀ። ቅርቡን በታችኛው መስታወት ስለማይ አገጬን ወደ ላይ ሰቅዬ፣ ቁልቁል እያየሁ ነው የምሠራው፤ ሻጮቹ "ታደሰ ኮራ" አሉ። አልኮራሁም፤ እንዲያ ካላደረግሁ ቆዳው አይታየኝም። ግን እንዲያ ስሆን የሻጩ ፊት ከመስታወቱ ይወጣል፣ እጁን ብቻ ነው የማየው። ድሮ ዓይኔ ሲደክም እንደ ባሻ ሰላምታውን አስረዝም የነበረው ለካ ለራሴም ነው፤ ሰውየው ከሚነግረኝ ግማሹን እይዝ ነበር። አሁን ምን ያደርግልኛል? "ናጋ?" እላለሁ፣ እጄ ቆዳው ላይ ነው። ሰልፉ ሳይሞቅ ያልቃል። ሐጂም ደስ አላቸው።

ጉዮ ብቻ "ታዴ፣ ዓይን ገዝተህ ስትመጣ አፍህን አዲስ አበባ ረሳኸው እንዴ?" አለኝ። ሳቅሁና የሚቀጥለውን ቆዳ ገለበጥኩ።

ከዕለታት በአንዱ የገበያ ቀን ጂሎ አንድ የላም ቆዳ አመጣ። ዳማ ነው። ስዘረጋው እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው አልኩ። ሰፊ፣ ወፍራም፣ እኩል የደረቀ፣ የቢላ ብጥ የለ፣ ቀዳዳ የለ። ታሞ ሞቶ የተገፈፈ ከብት ደሙ ውስጡ ስለሚቀር ከሥጋው ጎን ጥቁር የደም ሥር ይታያል፤ ያንንም ፈልጌ አጣሁ። ንጹሕ ነው። "አንደኛ!" አልኩ። ጂሎ ቆመ። የሆነ ነገር የሚጠብቅ መሰለኝ፣ ምናልባት ምስጋና። "ቀጥል!" አልኩ ለሚቀጥለው። ጉዮ ቆዳውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ እያንጎራጎረ ሄደ።

ቀናት አለፉ። ጉዮ ከጆሮው ዝቅ ብሎ አንገቱ ላይ ብጉር ወጣችበት። "ትንኝ ናት" ብሎ ያክካታል። ከዚያ ውሃ ቋጠረች፣ ከዚያ መሐሏ ጠቆረ። "ያምሃል?" ስለው "ምንም" አለኝ። አያመኝም ካለ ምን እንበል? እኔ ግን ጥቁረቷ አላማረኝምና ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት።

ድሬሰር አበራ ዙሪያዋን በጣቱ ጫን ጫን አደረገና ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ ታደሰ፣ በዚህ ሰሞን ታሞ የወደቀ ከብት ቆዳ ገብቷል?"

"አልገባም።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"እያንዳንዱን አይቻለሁ" አልኩ አፌን ሞልቼ፣ መነጽሬን ወደ ላይ ገፋ እያደረግሁ። "እንዲህ ያለ ቆዳ አይቼ አሳልፌ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።"

ድሬሰሩ ምን ያድርግ? ዕድሜውን ሙሉ ቆዳ ሲያይ የኖረ ሰው ማለለት። እባጭ ነው ብሎ ቅባት ቀብቶ፣ በፋሻ አስሮ ሰደደን።

በማግሥቱ ሳይሆን በሳልስቱ ጠዋት የጉዮ ሚስት ሎኮ እያለቀሰች መጣች። ስደርስ ጉዮ አንገቱ ከአገጩ እስከ ደረቱ አብጦ አንድ ሆኗል። ትንፋሹ ያፏጫል። ሊያናግረኝ ሞከረ፣ ድምፅ የለውም። ከጎረቤት ጋር ሆነን በሳንቃ ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስነው።

ድሬሰር አበራ ፋሻውን ፈትቶ አየና ፊቱ ተለወጠ። "ጋሼ ታደሰ፣ አይቻለሁ አይበሉኝ። ጠይቀዋል?"

መነጽሬን ወደ ላይ ልገፋ እጄን አነሣሁና መለስኩት።

ፔኒሲሊኑን እዚያው ወጋው። "ይተርፋል?" ስለው፣ "እብጠቱ ጉሮሮውን ካልዘጋው" አለ። ከዚያ መርፌውን እያስቀመጠ፣ "ያን ዕለት ጀምረነው ቢሆን ኖሮ" አለና አቋረጠ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ቆዳውን ይፈልጉ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካው" ብሎኝ ወደ ጉዮ ዞረ።

የገበያ ቀን ነበር። በነጋታው ደግሞ መኪና መጥቶ ክምሩን ሊጭን ነው። ከሻጭ ሻጭ እየሮጥኩ ጠየቅሁ። የከብት ገበያው ዳር ጂሎን አገኘሁት፣ ፍየሎቹን ይዞ ቁጭ ብሏል።

"አካም ጂሎ፣ ናጋ?" አልኩት እያለከለክሁ።

"ዛሬስ አፍ አወጣህ" አለኝ እየሳቀ።

"ያመጣሃት ዳማ ላም፣ ምን ሆና ነበር?"

ሳይደብቅ፣ ሳያቅማማ ነገረኝ። ደህና ስትግጥ ዋለች፣ ማታ ስትንገዳገድ አገኟት፣ ሳትሞት ብለው አረዷት። ደሟ ጥቁር ነበር፣ አልረጋም አለ። ፈርተው ሥጋዋን አልነኩትም፣ ቀበሩት። ለካ የደም ሥሩ ያልታየኝ ስለታረደች ነው።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" ጮህኩበት።

"አልጠየቅከኝማ!" እሱም ጮኸ። "ባሻ ይጠይቁኝ ነበር። አንተም ትጠይቀኝ ነበር። ቆሜ አልጠበቅሁህም? አንተ አገጭህን ወደ ሰማይ ሰቅለህ አንደኛ፣ ቀጥል፣ አልክ። ይሄ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ በሽታ የሚያሳይ መስታወት ገዝቶ መጥቷል፣ ደህና ናት ካለ ደህና ናት አልኩ። ዋቃ ሰጠኝ ብዬ ተቀብዬ ሄድኩ።"

ልቆጣው ፈለግሁ፣ አቃተኝ። ጉዮ መታመሙን ስነግረው "ጉዮ? የእኛ ጉዮ?" አለና ፍየሎቹን ለጎረቤቱ ጥሎ ተከተለኝ። መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ፣ የታጠፈውን በእንጨት ስንገልጥለት ያቺን ቆዳ በበትሩ አሳየን። የአንደኛው ክምር መሐል ላይ ነበረች፣ ከላይም ከታችም አንደኛ ቆዳ። ድሬሰሩ እሷን የነካ ቆዳ ሁሉ ይቃጠል ብሎ ነበር። ሐጂን ለመንገር አፍሬ ቆሜ ሳለ እሳቸው ሁሉንም ሰምተው ኖሮ፣ "የምን ማሰብ ነው? ቆዳ ሌላ ይመጣል፤ ጉዮ ሌላ ይመጣል ወይ?" አሉ። ክምሩን በእንጨት እየገፋን አውጥተን ከከተማው ዳር አቃጠልነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና ውዳቂው ቀረልን። ባሻ የቆፈሩት ጉድጓድ አፉ በሣር ተሸፍኖ ነበር።

እኔም በእጄ ነክቻት ነበር። እኔን አልያዘኝም። ለምን እንደሆነ ድሬሰሩም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ።

ከዚያ ጉዮ አልጋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሎኮ ዋቃዋን ትለምናለች፣ እኔ ለማርያም እሳላለሁ። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ትንፋሹ በተቋረጠ ቁጥር የእኔም አብሮ ይቆማል። መነጽሬ በዕንባዬ ሲሸፈን አውልቄ ኪሴ ከተትኩት፣ የጉዮ ፊትም ድሮ እንደማየው ደበዘዘ። ዝም ማለት ስላስፈራኝ አወራለት ጀመር። ስለ ያቤሎው ግሪክ፣ ስለ ፊልቱ አለቃዬ፣ ስለ ባሻ፣ የመጣልኝን ሁሉ። የሰማ ይሁን ያልሰማ አላውቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እብጠቱ ጎደል ሲል ዓይኑን ገለጠና እንደ ሹክሹክታ፣ "ታዴ፣ እባክህ ዝም በል፣ ልተኛበት" አለኝ። ወጥቼ ከግቢው አጥር ሥር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ተረፈ። ግን ከጆሮው እስከ ትከሻው ያለው ሥጋ ጠቁሮ ወደቀ፤ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ጅማቱን ጨምድዶ ያዘው። አንገቱ ወደ አንድ ወገን ዘመም ብሎ ቀረ፣ አይዞርም። ሸክም ቀረበት። ቤቱ ሄጄ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል "ተው፣ መነጽሩ ይሰበራል" አለኝ። ከዚያ ወዲያ በዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ ወቅሶኝ አያውቅም። ጂሎን ጭምር ቡና ጋብዞታል።

ሐጂ ኑር ከበሩ አጠገብ በርጩማ አስቀምጠው ጉዮን ጠያቂ አደረጉት። እንዲህ ያለ ሹመት ከእኛ መጋዘን በቀር የትም አልሰማሁም። ሻጩ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ጉዮን ነው። ከብቱን፣ ዝናቡን፣ ልጆቹን ይጠይቃል፣ ያስቃል፣ ያስወራል። ከዚያ "ታዴ፣ ይቺ ለሠርግ ናት" ይለኛል፣ ወይም ዝም ብሎ በበትሩ ወደ ጉድጓዱ ያሳያል። ሊነግረኝ ሲዞር ከነትከሻው፣ ከነወገቡ ነው የሚዞረው። በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ! እኔ መነጽሬን አድርጌ እያንዳንዱን አይ ነበር።

"ያንን መነጽር ጥለኸዋል አይደል?" የሚሉኝ አሉ። ለምን እጥለዋለሁ? ያለ እሱ አላይም። ለመድኩት፤ ደረጃም ቢሆን አንገቴን ደፍቼ እወርዳለሁ።

ጉዮም ዘንድሮ ከእኔ ጋር ነው የተሰናበተው። ከሰዓት በኋላ ገበያው ዳር ካለው ግራር ሥር ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ይቀመጣል። ቤቴ ያለው ከወዲያኛው ወገን ስለሆነ ሁልጊዜ የምመጣው ከኋላው ነው። ስሙን ብጠራ በትሩን ተደግፎ፣ እያቃሰተ፣ መላ ሰውነቱን ነው የሚያዞረው። ስለዚህ አልጠራውም። ጉልበቴ ቢያመኝም ግራሩን ዞሬ ፊት ለፊቱ ሄጄ እቆማለሁ።

"መጣህ?" ይለኛል።

"መጣሁ" እላለሁና አጠገቡ እቀመጣለሁ።